ሩዙን ማን በላው?
ስለ ጃፓን ሕዝብ ማዕድ፣ በዓልና መንገድ

አገራችን ስለ ጃፓን አጥብቃ ማሰብ የጀመረችው በጦርነት ዜና ምክንያት ነበር። በ1905 ጃፓን ግዙፉን የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት በምድርም በባሕርም ድል ስትነሣ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዐድዋ ላይ የአውሮፓን ወራሪ አሳፍሮ ለመለሰው ሕዝብ ልጆች ነገሩ ከሩቅ የመጣ የዘመድ ብሥራት መሰላቸው። ከዚያ በኋላ በተነሣው ትውልድ መካከልም፣ ጃፓን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እንዴት እዚህ ልትደርስ ቻለች የሚለው ጥያቄ ጎልቶ ተሰማ። በ1931 የታወጀው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥታችን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሲያረቁት የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ የተዘጋጀ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተጉዘው አገሩን ጎበኙ፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተሰኘው መጽሐፋቸው ለአማርኛ አንባቢ አስተላለፉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

እነዚህ ታላላቅ ሰዎች ያዩት ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ፋብሪካው፣ ባቡሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የጦር መርከቡ በእርግጥ ነበሩ። ይሁን እንጂ ያዩት ከላይ ወደ ታች ነው፤ የመንግሥት እንግዳ በመንግሥት ማዕድ ይበላልና። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በጃፓን ምድር በተቀመጡባቸው በእነዚያው ወራት በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል፣ በአዎሞሪና በሆካይዶ፣ ብርድ የሩዙን አዝመራ አጥፍቶት ነበር። በዓለም የንግድ ድቀት የሐር ዋጋ ስለ ወደቀ ጪሰኛው ሌላ መተዳደሪያ አጥቶ፣ ሴት ልጁን በቅድሚያ በሚከፈል ገንዘብ ለፋብሪካ ወይም ለሴተኛ አዳሪ ቤት በውል እስከ መስጠት ደርሷል። ሩዙን ያበቀለው እጅ ሩዙን አልቀመሰውም። ስለዚህ የዚያን አገር ታሪክ በቤተ መንግሥቱና በመርከቡ በኩል ሳይሆን በማሰሮው በኩል ብንመለከተው ምን ይታየን ይሆን?

እኔ ራሴ ወደዚህ ጥያቄ የገባሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ቶኪዮ በምኖርበት ጊዜ ክፍል ያከራዩኝ አንዲት አረጋዊት ነበሩ፤ ጧት ጧት የሚያቀርቡልኝ ማዕድ የማይለወጥ ሥርዓት ነበረው፤ ነጭ ሩዝ፣ ከአኩሪ አተር የሚዘጋጅ ሚሶ የሚሉት ሾርባ፣ ቁራጭ የተጠበሰ ዓሣ፣ በጨውና በሩዝ ፍሩሽካ ውስጥ የከረመ ነጭ ፍጅል። ከሳህኑ ላይ አንዲት ፍሬ ሩዝ ቀርታ ካዩ በዝምታ በመቁረጫው በትር ያመለክቱኛል። አንድ ቀን ከገበያ ስኳር ድንች ገዝቼ ብሰጣቸው በምስጋና ተቀብለው ለጎረቤት ላኩት። ነገሩ ከብዶኝ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ሰው በዕድሜው የሚበላውን ስኳር ድንች እኔ በልጅነቴ በሦስት ዓመት ጨርሼዋለሁ» አሉኝ። ስለ ጦርነቱ ዘመን ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አልነገሩኝም።

ሩዝ በጃፓን የቆየ ሰብል ነው፤ የሁሉ ሰው ምግብ የሆነው ግን በቅርቡ ነው። ከ1603 እስከ 1868 በቆየው የቶኩጋዋ ሾጉኖች ዘመን ሩዝ ከምግብነቱ ይልቅ የግብርና የሹመት መለኪያ ነበር። መለኪያውም «ኮኩ» ይባላል፤ 180 ሊትር ያህል የሚይዝ ሲሆን ክብደቱ አንድ ኩንታል ተኩል ገደማ ነው፤ አንድ ሰው በዓመት የሚበላው ይህን ያህል ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። የመሳፍንቱ ማዕረግ የሚታወቀው ግዛታቸው በሚያወጣው ኮኩ ነው። 10,000 ኮኩና ከዚያ በላይ ያለው ባለ ግዛት «ዳይሚዮ» ይባላል፤ የካጋው የማኤዳ ቤት በ1,000,000 ኮኩ ይታወቅ ነበር። የሳሙራዩም ደመወዝ በሩዝ ይቆረጣል፤ ሳሙራዩ ደግሞ ሩዙን ለነጋዴ ሸጦ ገንዘብ ያደርገዋል። እንግዲህ ከአዝመራው ከመቶ አርባው፣ አንዳንዴም እኩሌታው በግብር ሲነሣ ለገባሩ የሚቀረው ምን እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። ገበሬው የሚበላው ገብስ፣ እንደ ዳጉሳ ያሉ ጥቃቅን የእህል ዘሮች፣ ፍጅልና ቅጠላ ቅጠል ነበር፤ ሩዝ ቢገኝ ከነዚህ ጋር ተቀይጦ ነው። ንጹሕ ነጭ ሩዝ ለአዲስ ዓመት፣ ለሠርግና ለታመመ ሰው የሚቀመጥ ነገር ነበር። ማኛ ጤፍ ዘርቶ ለጌታው አስረክቦ የሽምብራ ቂጣ የሚበላውን ገባር ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ሰፊ ሐተታ አያሻውም።

እንዲህ ያለው ሥርዓት የሰማይን ፊት መለወጥ አይችልም። በ1732 በምዕራቡ ክፍል ተባይ አዝመራውን ፈጀው፤ በ1780ዎቹ ቅዝቃዜና በ1783 የፈነዳው የአሳማ እሳተ ገሞራ ተደራርበው ታላቁን የቴንሜይ ረኀብ አመጡ፤ በ1830ዎቹ ደግሞ የቴንፖ ረኀብ ተከተለ። ስኳር ድንች ታሪካዊ ሆኖ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አዎኪ ኮንዮ የተባለው ሊቅ በ1735 በኤዶ አካባቢ ስኳር ድንች እንዲለመድ በመንግሥት ትእዛዝ የሙከራ እርሻ አካሄደ፤ ሕዝቡም «የስኳር ድንች መምህር» የሚል ስም አወጣለት። ሰው በትልልቅ ጦር አዝማቾች ሐውልት ፊት ሲያልፍ ይህን መምህር የሚያስበው ጥቂት ነው፤ እንደ እኔ ግን ከብዙዎቹ ይበልጣል።

በቴንፖው ረኀብ ጊዜ ኦሳካ ላይ የሆነው ደግሞ ሌላ ዓይነት ምላሽ ነው። ኦሺዮ ሄይሃቺሮ የቀድሞ የከተማ ፖሊስ ሹም ሲሆን በኋላ በትምህርት ቤት የሚያስተምር የፍልስፍና ሰው ነበር። ሹማምንቱ ሩዙን ወደ ኤዶ ሲልኩ፣ ነጋዴዎቹም ሲያከማቹ፣ በከተማው ጎዳና ሰው በረኀብ ሲወድቅ አይቶ፣ አቤቱታው ሰሚ ሲያጣ መጻሕፍቱን ሸጦ ገንዘቡን ለድሆች አከፋፈለ፤ በ1837ም ደቀ መዛሙርቱንና የአካባቢውን ገበሬዎች አስከትሎ በትጥቅ ተነሣ። አመፁ በአንድ ቀን ተደመሰሰ፤ እሳቱ ግን የከተማይቱን ሰፊ ክፍል በላ። መምህር የቤተ መጻሕፍቱን ዋጋ ወደ ሩዝ የለወጠበት ታሪክ መቼም በየአገሩ አይገኝም።

በከተማ ያለው ኑሮ ከዚህ የተለየ ነበር። የዛሬይቱ ቶኪዮ፣ የዚያን ጊዜዋ ኤዶ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ከተማ ነበረች፤ ከዚህም ውስጥ ብዙው ብቻውን የሚኖር ወንድ፣ አናጢ፣ ተሸካሚ፣ አሽከር፣ የቀን ሠራተኛ ነው። በጠባብ ክፍል የሚኖር፣ ምድጃ የሌለው ወይም እሳት ለማንደድ ጊዜ የሌለው ሰው ቆሞ የሚበላውን ይሻል። ዛሬ በዓለም ታላላቅ ሆቴሎች በውድ ዋጋ የሚቀርቡት የጃፓን ምግቦች የተወለዱት ለእነዚህ ሰዎች በተዘረጉ የመንገድ ዳር መደቦች ላይ ነው። ቴምፑራ የሚሉት በሊጥ ተነክሮ የሚጠበስ ዓሣና አትክልት በ16ኛው መቶ ዓመት ከመጡት ፖርቱጋሎች የተወረሰ ነው። ሱሺ በጥንት አኗኗሩ ዓሣን በሩዝ ውስጥ ለወራት አኩርፎ የማቆያ ዘዴ ነበር፤ በቢዋ ሐይቅ ዳር ዛሬም እንዲሁ ይሠራል፤ ሽታው ለማያውቀው ሰው ይከብዳል። በ1820ዎቹ ግን በኤዶ፣ በተለይም ከሃናያ ዮሄይ ስም ጋር ተያይዞ፣ ሩዙን በኮምጣጤ አሽቶ ዓሣውን ከላዩ አድርጎ ወዲያው በእጅ ጨብጦ መስጠት ተለመደ። ጉርሻ ለሚያውቅ ሕዝብ ነገሩ ይገባዋል።

ኤዶ ሌላም ልማድ ነበራት። የከተማው ሠራተኛ ሌላ ነገር ቢጎድለውም ሩዙ የተፈተገ፣ የነጣ እንዲሆን ይፈልጋል። ነጭ ሩዝ የባላገርነት መፋቂያ ነበርና። ከገጠር ወደ ኤዶ የገባ ሰው ግን እግሩ ያብጣል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ልቡ ይደክማል፤ ወደ አገሩ ሲመለስና ገብሱን ሲበላ ይድናል። ይህን በሽታ «የኤዶ ሕመም» አሉት። ዛሬ ቤሪቤሪ የምንለው ነው፤ ምክንያቱም ከሩዙ ጋር የሚፈተገው ቡናማ ሽፋን ቫይታሚን ቢ አንድን ይዞ መሄዱ ነው። የባሕር ኃይሉ ሐኪም ታካኪ ካኔሂሮ መንሥኤው ምግብ መሆኑን ጠረጠረ። በ1883 ከረጅም ጉዞ የተመለሰች አንዲት የጦር መርከብ ከ376 ባሕርተኞችዋ 169ኙ ታመው፣ 25ቱ ሞተው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መርከብ በዚያው መንገድ፣ ነገር ግን ገብስ፣ ሥጋና ወተት ተጨምሮበት በተሻሻለ ምግብ ተላከች፤ አንድም ሰው በዚያ በሽታ አልሞተም።

ይሁንና የምድር ጦሩ ሐኪሞች፣ ከነሱም መካከል በደራሲነቱ ስመ ጥር የሆነው ሞሪ ኦጋይ፣ በጀርመን አገር የተማሩትን ትምህርት ይዘው በሽታው ከተዋሕስያን ነው በሚል አቋም ጸኑ። ወታደሩ በቀን ስድስት «ጎ»፣ ይኸውም ወደ 900 ግራም የሚጠጋ ነጭ ሩዝ ይሰጠው ነበር። በመንደሩ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነጭ ሩዝ ያይ ለነበረው የገበሬ ልጅ ይህ የውትድርና ታላቁ ማባበያ ነው። በሩሲያና ጃፓን ጦርነት ጊዜ 27,000 ያህል ጃፓናውያን ወታደሮች በቤሪቤሪ ሞቱ። እንግዲህ በ1905 ከሩቅ ሆነን ያደነቅነው ድል በውስጡ ይህም ነበረበት፦ አባቱ ያልቀመሰውን ሩዝ በመጨረሻ አግኝቶ በእርሱው የሞተ የጪሰኛ ልጅ። ሱዙኪ ኡሜታሮ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ከሩዝ ፍሩሽካ ውስጥ ፈዋሹን ንጥረ ነገር ለይቶ ያወጣው በ1910 ነው፤ አምስት ዓመት ዘግይቶ። ያ ፍሩሽካ ደግሞ በየገጠሩ ቤት ፍጅል ሲከርምበት የኖረ ነገር ነው።

ስለ ሥጋ ብዙ አልልም። በ675 ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ የበሬ፣ የፈረስ፣ የውሻ፣ የጦጣና የዶሮ ሥጋ በተወሰኑ ወራት እንዳይበላ ካዘዘ ወዲህ፣ የቡድሃ ሃይማኖትም ተጨምሮበት፣ አራት እግር ያለውን መብላት ለብዙ ዘመን እንደ ርኩሰት ይታይ ነበር። ሰው ግን ብልሃት አያጣም፤ የዱር አሳማውን «የተራራ ዓሣ ነባሪ» ብሎ፣ ሌላውንም «መድኃኒት ነው» ብሎ ይበላል። በ1872 መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት ሜጂ የበሬ ሥጋ መብላቱ ለሕዝብ ተገለጸ፤ የሺህ ዓመት ጾም በአዋጅ ተፈታ ማለት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጨረቃው የዘመን አቆጣጠር ተሽሮ 1873 በአውሮፓው ካላንደር ጀመረ። በአሮጌው አቆጣጠር መጪው ዓመት አሥራ ሦስት ወር ሊሆን ነበርና አዲሱ መንግሥት የአሥራ ሦስተኛውን ወር ደመወዝ ከመክፈል እንደ ዳነ፣ የዚያን ጊዜው ባለሥልጣን ኦኩማ ሺጌኖቡ ራሱ በኋላ ተናግሯል። አሥራ ሦስት ወር ላለን ለእኛ ይህ ፈገግ የሚያሰኝ ነው፤ ለጃፓን ገበሬ ግን በዓላቱ ከእርሻው ወራት ጋር ተለያዩበት። ሙታን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ የሚባልበት የቦን በዓል እስከ ዛሬ በአንዳንዱ ስፍራ በሐምሌ አጋማሽ፣ በብዙው ግን በነሐሴ አጋማሽ የሚከበረው በዚህ የተነሣ ነው። በሜጂ ዘመን መጀመሪያ ብዙ አውራጃዎች የቦንን ጭፈራ «ኋላ ቀር» ብለው ከለከሉት። ጭፈራው ግን አልሞተም።

በዓል በጃፓን የመንግሥት ብቻ ሆኖ አያውቅም። በኪዮቶ በየሐምሌው የሚከበረው የጊዮን በዓል መነሻው በ869 ቸነፈር በገባ ጊዜ የተደረገ ምሕላ ነው። ከ1467 ጀምሮ በኦኒን ጦርነት ከተማይቱ ስትቃጠል በዓሉ ተቋረጠ፤ ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ በ1500 መልሰው ያቆሙት የየሠፈሩ ነጋዴዎችና የእጅ ጥበብ ሰዎች ናቸው። በ1533 የሾጉኑ ሹማምንት በዓሉ እንዳይደረግ ቢያዙ የሠፈሩ ሰዎች፣ የቤተ መቅደሱ ሥርዓት ቢቀር እንኳ ሰረገሎቻችንን እናውጣ ብለው ተከራከሩ። እነዚያ ሰረገሎች እንደ ቤት የረዘሙ፣ በሽመናና በቅርጽ ሥራ ያጌጡ፣ በብዙ ሰው ገመድ የሚጎተቱ ናቸው። በሐምሌ ሙቀት መካከል ከዳር ቆሜ ስመለከት ከሁሉ በላይ የማረከኝ ሰረገላው አልነበረም፤ በማዕዘን ላይ ሲታጠፍ መንኮራኩሩ ሥር የተሰነጠቀ ቀርከሃ እያነጠፉ፣ ውኃ እየረጩ፣ በአንድ ድምፅ እያዘዙ የሚያዞሩት ሰዎች ናቸው። አራት ማዕዘን ቆሞ የሚያጨበጭበው ተመልካች ለጌጡ ሳይሆን ለመታጠፉ ነው።

ከበዓሉ ይልቅ ግን የጃፓንን ሕዝብ ብልሃት የሚያሳየው መንገዱ ነው። በሾጉኖች ዘመን ገበሬ እንደ ልቡ ከመንደሩ መውጣት አይችልም። በአውራ ጎዳናዎቹ ላይ ኬላዎች ነበሩ፤ ከሁሉ የሚፈራው የሃኮኔ ኬላ ነው። ዘበኞቹ በተለይ የሚጠብቁት ወደ ኤዶ የሚገባ ጠመንጃንና ከኤዶ የምትወጣ ሴትን ነበር፤ የመሳፍንቱ ሚስቶች በመያዣነት በኤዶ ስለሚቀመጡ ሸሽተው እንዳያመልጡ ነው። ይሁን እንጂ አንድ የማይከለከል ምክንያት ነበር፤ ስለት። ወደ ኢሴ ቤተ መቅደስ እሳለማለሁ የሚልን ሰው ባለሥልጣን በቀላሉ አይመልስም። ከኤዶ እስከ ኢሴ በእግር አሥራ አምስት ቀን ያህል ነው። ለአንድ ድሃ ገበሬ የዚህ ጉዞ ስንቅ የማይታሰብ ስለ ሆነ በየመንደሩ «ኮ» የሚባል ማኅበር ያቋቁማሉ፤ አባላቱ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣው የደረሰው ስለ ሁሉም ሆኖ ይሄዳል፣ ለሁሉም ከቤተ መቅደሱ የተባረከ ወረቀት ይዞ ይመለሳል። እቁብና ማኅበር በአንድ ላይ ማለት ነው። ወረቀት ብቻም አይደለም፤ በመንገድ ያዩትን አዲስ ምግብ፣ ዘፈን፣ የእርሻ ዘዴ፣ የተሻለ የሩዝ ዘር ይዘው የሚመለሱም ነበሩ።

ከዚህ በላይ የሚያስደንቀው ያለ ፈቃድ የሚደረገው ጉዞ ነው። አሽከር ከጌታው፣ ልጅ ከወላጁ፣ ሴት ከባልዋ ሳያስፈቅዱ ድንገት ተነሥተው ወደ ኢሴ ይሄዳሉ፤ የተባረከውን ወረቀት ይዘው ከተመለሱ ልማዱ ስለሚጠብቃቸው አይቀጡም። በ1705፣ በ1771ና በ1830 ይህ ነገር እንደ ጎርፍ ሆነ። በ1705 በሃምሳ ቀን ውስጥ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳለፈ በጊዜው ተመዝግቧል። የሚጓዙት ጭልፋ ይዘው ነበር፤ በመንገድ ዳር ያሉ ቤቶች ሩዝና ሳንቲም በጭልፋው ውስጥ ይጨምሩላቸዋል። ጌታቸው መሄድ ያልቻለ ውሾች እንኳ ገንዘብ ባንገታቸው ታስሮላቸው ከመንገደኛ መንገደኛ እየተረከባቸው ኢሴ ይደርሱ ነበር፤ በሠዓሊው ሂሮሺጌ የመንገድ ሥዕሎች ውስጥ እንዲህ ያለ ውሻ ይታያል። በ1867 ደግሞ ከሰማይ የተባረከ ወረቀት ዘነበ ተብሎ በየከተማው ሕዝቡ «ምን ቸገረን» እያለ ሌት ከቀን ጨፈረ፤ ከሀብታሞች ቤት እየገባ በላ፣ ጠጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ የሾጉኑ መንግሥት ራሱ አልነበረም። ጭፈራው ጣለው አልልም፤ የሚፈራው እንዳልቀረ ግን ያሳያል።

የአበባው ሽርሽርም እንዲሁ ታሪክ አለው። በኡዌኖ የቼሪ አበባ ያምር ነበር፤ ነገር ግን ስፍራው የሾጉኑ ቤተሰብ ገዳም ስለ ሆነ ዘፈንና ስካር ክልክል፣ ሲመሽም በሩ ዝግ ነው። ስምንተኛው ሾጉን ዮሺሙኔ ከ1720 ጀምሮ በአሱካያማ ኮረብታ የቼሪ ዛፎችን አስተከለ፤ ለተራው ሕዝብም ተፈቀደ። ሰው ምንጣፉን ዘርግቶ፣ ሳኬ የሚሉትን የሩዝ መጠጥ ይዞ፣ ጭንብል አድርጎ ይጨፍር ጀመር። ራኩጎ በሚባለው አንድ ሰው ተቀምጦ በሚተርክበት የቀልድ ጥበብ ውስጥ የታወቀ ተረት አለ፤ የድሆች ሠፈር ነዋሪዎች ባከራያቸው ሰውዬ መሪነት ወደ አበባው ይወጣሉ፤ ሳኬ መስሎ የቀረበው የቀጠነ ሻይ ነው፤ የእንቁላል ጥብስ መስሎ የቀረበው ቢጫ የከረመ ፍጅል ነው። ሰክረናል እያሉ ሻዩን ይጠጣሉ። ጃፓኖች በዚህ ተረት እስከ ዛሬ ይሥቃሉ። እኔም በአንድ የሚያዝያ ቀን ከሥራ ጓደኞቼ ጋር በሰማያዊ ሸራ ላይ ተቀምጬ ሣቅሁ፤ ቦታ ለመያዝ ከንጋት ጀምሮ በብርድ ብቻውን የተቀመጠው ከሁላችን ታናሹ ሠራተኛ ግን አንቀላፍቶ ነበር።

ስለ መንገድ ካነሣን አንድ የራሳችን ነገር አለ። ከኤዶ ከሚነሡት አምስት አውራ ጎዳናዎች አንዱ ኮሹ ካይዶ ይባላል። ጥቅምት 21 ቀን 1964 በዚያ ጎዳና ግራና ቀኝ እጅግ ብዙ ሕዝብ ቆሞ ነበር፤ የወጣው አበባ ለማየት አይደለም፤ አበበ ቢቂላን ለማየት ነው። አበበ እስከ ቾፉ ሄዶ ሲመለስ ሩጫውን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ፈጸመ። ያከራዩኝ አረጋዊት ከየት አገር እንደ መጣሁ ሲሰሙ በመጀመሪያ የጠሩት የእሱን ስም ነበር፤ የዚያን ዕለትም ሩዝ በቅጠል ጠቅልለው በመንገድ ዳር እንደ በሉ ነገሩኝ።

ወደ ማሰሮው እንመለስ። በ1918 በቶያማ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በኡኦዙ የዓሣ አጥማጆች ሚስቶች ሩዝ ወደ መርከብ እንዳይጫን ሊከለክሉ ወጡ። መንግሥት ወደ ሳይቤሪያ ጦር ሊልክ ነው ሲባል ነጋዴው ሩዙን አከማችቶ ዋጋው ጣራ ነክቶ ነበር። የሴቶቹ ጩኸት ከመንደር ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ማዕድን ማውጫ ተዛመተ፤ ጦር ሠራዊት ወጣበት፤ ወደ 25,000 የሚጠጋ ሰው ተያዘ፤ በመስከረም የቴራውቺ ካቢኔ ወደቀ። ገዥዎቹ ከዚህ የወሰዱት ትምህርት መሬቱን ለአራሹ ማካፈል አልነበረም፤ ሩዝን ከቅኝ ግዛቶቹ፣ ከኮሪያና ከታይዋን፣ አብዝቶ ማምጣት ነው። የኮሪያ ገበሬ ብዙ ሩዝ እያመረተ ራሱ የሚበላው ሩዝ ቀነሰ፤ ከማንቹሪያ በሚመጣ ማሽላ መሰል እህል ተተካለት። የጃፓን ሠራተኛ ሳህን የነጣው በሌላው ድህነት ነበር ማለት ነው፤ ይህን ሳይናገሩ የጃፓንን ምግብ ማሞገስ ግማሽ ታሪክ ነው።

ከዚያ የመጣው ይታወቃል። ጦርነት፣ ራሽን፣ በ1945 ሽንፈት፣ በኡዌኖ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የጥቁር ገበያ። በ1947 ያማጉቺ ዮሺታዳ የተባለ ዳኛ፣ የጥቁር ገበያ እህል የገዙትን እየፈረደ ራሱ ከዚያ አልበላም ብሎ በረኀብ ተዳክሞ ሞተ። ከዚያ በፊት ግንቦት 19 ቀን 1946፣ 250,000 ያህል ሰው በንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት እህል እንዲሰጠው ተሰለፈ፤ ንጉሡ እየጠገበ ሕዝቡ ይራባል የሚል ይዘት ያለው ሰሌዳ ይዞ የወጣ አንድ ሠራተኛ በንጉሥ ክብር ደፈራ ተከሰሰ። በዚያው ዓመት የወጣው የመሬት ሕግ ግን በጪሰኛ ይታረስ የነበረውን፣ ከአገሪቱ እርሻ እኩሌታ የሚጠጋውን መሬት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ዝቅ አደረገው። ሩዝ ዘሪው ሩዝ በላተኛ የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው።

የታሪክ ምፀት እዚህ ላይ አለ። ሩዝ ለሁሉ በደረሰበት ዘመን ሌላ ምግብም ገባ። ከአሜሪካ በመጣ ስንዴ የትምህርት ቤት ምሳ ዳቦና የዱቄት ወተት ሆነ። በ1958 በታይዋን ተወልዶ ኦሳካ የኖረው አንዶ ሞሞፉኩ በፈላ ውኃ ብቻ የሚበስለውን ደረቅ ራመን ለገበያ አቀረበ። የአንድ ሰው የሩዝ ፍጆታ በ1962 በዓመት 118 ኪሎ ግራም ደርሶ ከዚያ ወዲህ ሲወርድ ቆይቶ ዛሬ እኩሌታ እንኳ አይሞላም። መንግሥትም ከ1970ዎቹ መግቢያ እስከ 2018 ድረስ ገበሬው ሩዝ እንዳይዘራ ይከፍል ነበር። በ2013 የጃፓን ባህላዊ ምግብ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ፣ ብዙው ወጣት በልምዱ የሚበላው ዳቦና ራመን ነበር።

በ2025 የጸደይ ወራት የአምስት ኪሎ ሩዝ ዋጋ ካለፈው ዓመት እጥፍ ሆነ። መንግሥት የመጠባበቂያ ጎተራውን ከፈተ። በግንቦት የግብርናው ሚኒስትር በአንድ ስብሰባ ላይ፣ ደጋፊዎቼ ስለሚሰጡኝ እኔ ሩዝ ገዝቼ አላውቅም ሲል ተናገረ፤ በሦስተኛው ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ። በወሩ መጨረሻ ከመንግሥት ጎተራ የወጣው የቆየ ሩዝ አምስት ኪሎው በ2,000 የን ገደማ ሲሸጥ፣ ሱቁ ሳይከፈት ማለዳ የተሰለፉት አብዛኞቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ።